የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ኮንሶን ለመጎብኘት

ጥያቄ፦ በጥር ወር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ኮንሶ ለመሄድ አስበናል። ወደ ደቡብ ኦሞ የሚያልፉ ብዙ ተጓዦች ኮንሶን በግማሽ ቀን አይተው እንደሚሄዱ ሰምቻለሁ። ይህን ያህል ጊዜ ይበቃል? መንደሮቹ ውስጥ መግባትና ፎቶግራፍ ማንሳትስ ይፈቀዳል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ግማሽ ቀን አይበቃም። ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በካራት ከተማ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ለማደር እንዲያቅዱ አጥብቄ እመክራለሁ። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር 55 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከ400 ዓመታት በላይ በሃያ አንድ ትውልድ እጅ የተሠራና ዛሬም የሚታረስ፣ የሚኖርበትም ኮረብታማ አገር ስለሆነ፣ በመኪና መስኮት የሚያዩት ከዚህ ሁሉ እጅግ ጥቂቱን ነው።

በመጀመሪያ በኮረብታዎቹ ተዳፋት ላይ በድንጋይ ካብ የተሠሩትን የእርሻ እርከኖች በእግርዎ ይሂዱባቸው። ካቡን ጠጋ ብለው ሲመለከቱት ጭቃም ሆነ ሲሚንቶ ሳይገባበት ድንጋዩ በድንጋይ ላይ እየተመረጠ የተደረደረ መሆኑን ያያሉ፤ በአንዳንድ ስፍራም ከፍታው 5 ሜትር ይደርሳል። ይህ ካብ አፈሩ እንዳይሸረሸር ያግዳል፣ የዝናቡን ውኃ ማሳው ላይ ያቆያል፣ የተረፈውንም ማሳውን ሳይጎዳ ወደ ታች ያሳልፋል፤ ዝናብ በሚያጥርበት በዚያ አገር ማሽላው ፍሬ የሚይዘው በዚህ ጥበብ ነው። ስለዚህ ለፎቶግራፍ ብለው ካቡ ላይ እንዳይወጡ፣ ድንጋይም እንዳያንከባልሉ አደራ እላለሁ። ቱሪስቱ ያናጋውን ካብ ቆይቶ የሚጠግነው ገበሬው ነው።

እርስዎ መንደር ያሏቸው፣ የኮንሶ ሰዎች ፓሌታ ብለው የሚጠሯቸው ሲሆኑ፣ በኮረብታ አናት ላይ የተቆረቆሩና ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ የድንጋይ ካብ የታጠሩ ከተሞች ናቸው። በካቦቹ መካከል በሚያልፉት ጠባብ መንገዶች ሲሄዱ ሞራ ወደሚባለው የጋራ አደባባይ ይደርሳሉ። ሽማግሌዎች የሚመክሩት፣ ክርክር የሚሰሙት፣ ሥርዓት የሚፈጸመው በዚያ ነው፤ በአደባባዩ ባለው የጋራ ቤትም ያላገቡ ወጣቶች ሌሊት እያደሩ ለእሳት አደጋም ሆነ ለሌላ ችግር ፈጥነው ይደርሳሉ። የትውልድ መተካካት ምልክት የሆኑት ዳጋ ሄላ የሚባሉት የቆሙ ድንጋዮችም የሚገኙት በሞራ ነው። እኔ ከኮንሶ ቅርሶች ሁሉ አስበልጬ የምመለከተው ይህንን ነው፤ ሌላው ዓለም ትቶት የቆየውን ድንጋይ አቁሞ ትውልድን የመመዝገብ ሥርዓት ይህ ሕዝብ እስከ ዘመናችን አዝልቆታልና። እንግዳ እዚያ ድንጋዮች ላይ ዘሎ መቀመጥ አይገባውም፤ የት መቀመጥ እንደሚችል ይጠይቅ።

መግባት ይፈቀዳል፣ ነገር ግን ያለ አስጎብኚ አይግቡ። ካራት በሚገኘው የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ተመዝግበው የመግቢያውን ክፍያ ፈጽመው ቋንቋውን የሚናገር የአካባቢውን ተወላጅ ይያዙ። ወደ ግለሰብ ግቢ የሚያስገባው በር ዝቅ ያለ በመሆኑ ማንም ጎንበስ ሳይል አያልፍም፤ እርስዎም ከበሩ ውጭ ቆመው አስጎብኚው የቤቱን ባለቤት እስኪያነጋግር ይጠብቁ። ፎቶግራፍን በተመለከተ አንድ ሰው ስለ ፈቀደ ሌላው ፈቅዷል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱን ሰው ይጠይቁ፣ እምቢ ያለውንም በገንዘብ አያባብሉ። ለሕፃናት በመንገድ ላይ ብር ወይም ከረሜላ መስጠት ከትምህርት ገበታቸው እያስቀረ የመኪና ተከታይ ያደርጋቸዋል፤ ለመርዳት ከፈለጉ በአስጎብኚው በኩል ትምህርት ቤቱን ያነጋግሩ። ከእህል ዱቄት እየተድቦለቦለ የሚቀቀለው ኩርኩፋ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ወይም ከማሽላ የተጠመቀ ጨቃ ቢቀርብልዎ በደስታ ይቅመሱ።

የመረጡት ወር መልካም ነው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚዘንብ ጥር ደረቅና ለእግር ጉዞ የሚመች ነው፤ ፀሐዩ ግን ስለሚበረታ ማለዳ ይነሡ።

ጥያቄ፦ ወደዚያው አካባቢ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ሰው አሮጌ ዋካ እንድገዛው ጠይቆኝ ነበር። መግዛት ነውር አለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለው፣ ባለመግዛትዎም ደስ ብሎኛል። ዋካ ከጠንካራ እንጨት የሚቀረጽ የመቃብር ምልክት ነው፤ ጀግናውን በመካከል አድርጎ ሚስቶቹንና የገደላቸውን ጠላቶች ወይም አውሬዎች በአጠገቡ ያቆማል። አሮጌ ዋካ ለገበያ የሚቀርበው ከአንድ ቤተሰብ መቃብር ላይ ተነቅሎ ነው። ገዢ እስካለ ድረስም ነቃዩ አይጠፋም፤ በዚህ ምክንያት ብዙ መቃብሮች ያለ ምልክት ቀርተዋል። ጥንታዊ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በሕግ ያስጠይቃል። ዋካዎችን በቅርብ ለማየት ካራት የሚገኘውን ሙዚየም ይጎብኙ። መታሰቢያ መግዛት ከፈለጉ በቅርቡ የተቀረጸ አነስተኛ ሥራ ከጠራቢው እጅ ይግዙ፤ አዲስ ሥራ መሆኑን የሚገልጽ ደረሰኝም ይቀበሉ።