ፐርሰፕሽን ላይ ለመመራመር ከየት ልጀምር ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። «ሳይኮሎጂ በዲግሪ ጨርሻለሁ፤ ፐርሰፕሽን ላይ፣ ማለትም ሰው እንዴት እንደሚያይ፣ እንደሚዳስስ መመራመር እፈልጋለሁ፤ ሁሉም ግን ካውንስሊንግ ቀጥዪ ይለኛል» ነው ያልሽው። እኔም የዛሬ አምስት ዓመት እዚያው ነበርኩ። መልሴ ረዘም ይላል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

አሁን ጀርመን ፒኤችዲ እየሠራሁ ነው፤ ሦስተኛ ዓመቴ። አእምሮ ከዓይንና ከእጅ የሚመጣለትን እንዴት እንደሚያዋህድ ነው የማጠናው። እዚህ ከመድረሴ በፊት ግን ስድስት ወር በከንቱ ለፍቻለሁ። ከአርባ ለሚበልጡ ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ኢሜይል ላክሁ። «ታታሪ ተማሪ ነኝ፤ ስኮላርሺፕ ካለ...» የሚል። ሁለት መልስ መጣ። አንዱ «እረፍት ላይ ነኝ» የሚል፣ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚልከው ነበር።

ነገሩ የተቀየረው ስለ ሐዋሳ ልጆች ሳነብ ነው። በሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ይዘው የተወለዱ፣ ለዓመታት በቅጡ ሳያዩ ያደጉ ልጆች ናቸው። ዘግይተው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ታዲያ ግርዶሹ ሲነሳ ምን ያያሉ? የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ልጆቹ ነገሮችን በቀለምና በመጠን መለየት እንደማያቅታቸው አሳየ። በብርሃንና በጥላ ብቻ የሚታወቅ ቅርጽ ግን አስቸገራቸው። በ2021 ደግሞ የጀርመኑ ኡልም ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሌላ ነገር አገኘ። ልጆቹ መጀመሪያ ዓይንና እጃቸውን አቀናጅተው መጠቀም ቢያቅታቸውም ውለው አድረው ይለምዱታል። ይህ ሁሉ የተጠናው በእኛው ልጆች ነው። እኔ ግን ዲግሪዬን እስክይዝ ስሙን እንኳ አልሰማሁም፤ እስካሁን ያናድደኛል።

ያን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ጣሳ ፈለግሁ፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ክብደታቸው እኩል እስኪሆን አሸዋ ጨመርኩባቸው። ጓደኞቼን አንድ በአንድ አስነሳኋቸው። አብዛኞቹ «ትንሹ ይከብዳል» አሉ። በሚዛን ካሳየኋቸው በኋላም ያው ነው፤ እጃቸው አያምንም። የታወቀ ነገር ነው፤ እኔ አላገኘሁትም። ግን ውጤቱን በግራፍ አድርጌ፣ ከጥናቶቹ በአንዱ ላይ ያልገባኝን አንድ ጥያቄ ጨምሬ፣ አጭር ኢሜይል ለአንዲት ተመራማሪ ላክሁ። በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ። ገንዘብ የላትም፤ ግን ለሥራ ባልደረባዋ አስተላለፈችው። እንጀራዬ የወጣው በዚያ ነው።

ስለዚህ ስኮላርሺፕ ከማሳደድሽ በፊት ጥያቄ ያዢ። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ያለው ጥያቄው ያለበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው።

ጀርመን ፒኤችዲ በአብዛኛው የሚወጣው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ነው። ደሞዝ አለው። በሳይኮሎጂ «65 በመቶ» የሚል ታያለሽ፤ የሙሉ ሰዓት ደሞዝ 65 በመቶ ይከፈልሻል ማለት ነው። ሥራው ግን ሙሉ ነው፤ እንዳትሸወጂ። የሥራ ውል ስላለሽ ብሎክድ አካውንት የሚባለው ጣጣ (ለቪዛ ሲባል የኑሮ ወጪን አስቀድሞ ባንክ ማስቀመጥ) አያገኝሽም። ችግሩ፣ መጀመሪያ ማስተርስ ይጠይቃሉ። ለማስተርስ ዳአድ (DAAD) የሚባለውን የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ስኮላርሺፖች ተከታተዪ። በፐርሰፕሽን የጊሰንና የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲዎች ጠንካራ ናቸው። አሜሪካ ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ፒኤችዲ መግባት ይቻላል፤ ተቀባይነት ካገኘሽ የትምህርት ክፍያውንም የኑሮ ወጪውንም ብዙ ጊዜ ይሸፍናሉ። ማመልከቻው በአብዛኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ይዘጋል። የማመልከቻ ክፍያውን እንዲተዉልሽ ጠይቂ። አትፈሪ፤ እኔ ጠይቄ ተውልኛል።

ፍለጋሽን በሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል ብቻ አትገድቢው። ኒውሮሳይንስ (የአእምሮና የነርቭ ጥናት)፣ ኦፕቶሜትሪ (የዓይን እይታ ምርመራ ሙያ)፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥም የዓይንና የጆሮ ላብራቶሪዎች አሉ። እስከዚያው ፓይተን የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ቋንቋና ስታቲስቲክስ ተማሪ። ሳይኮፓይ የሚባለው የሙከራ ማዘጋጃ ሶፍትዌር በነጻ ነው፤ በላፕቶፕሽ ላይ ጭነሽ መጀመር ትችያለሽ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሰው የማማከር ፍቅር ካለሽ ይህ አይሆንሽም። ቀኑን ሙሉ ኮድ ስታርሚ ትውያለሽ። ወይም ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰው ነጠብጣብ ሲቆጥር ትጠብቂያለሽ። እናቴ እስካሁን «መቼ ነው በሽተኛ ማየት የምትጀምረው?» ትለኛለች።

ኢሜይልሽን ስትጽፊ ከመላክሽ በፊት እዚህ ለጥፊው። «ታታሪ ተማሪ ነኝ» የሚል ካየሁ እሰርዘዋለሁ።