ጣና ዳር የክረምት ካምፕ ለሚያዘጋጀው ወንድማችን

«የገጠር ልጆችን ነሐሴ ላይ እንደ ድሮው ጣና ዳር በድንኳን ላሳድር ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?» ላልከው። የድንኳንና የብርድ ልብሱን ነገር ሌሎች ነግረውሃል፣ እሱን ልለፈው።

1. ቦታ። ሣሩ አማረኝ ብለህ ውኃው አፍ ላይ አትትከል። ጣና የሚሞላው መስከረም ገደማ ስለሆነ ነሐሴ ላይ ገና እየጨመረ ነው። ተዳፋት መሬት ምረጥ፤ በየድንኳኑ ዙሪያ ስንዝር የሚጠልቅ ቦይ ቆፍረህ መውጫውን ወደ ቁልቁል ስጠው። መጸዳጃው ከሐይቁ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

2. ዋና። አዘጋጅ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቢልሃርዚያ በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ ነው፤ እጩ ከውኃ ቀንድ አውጣ የሚወጣው ፀሐይ ሲሞቅ፣ በተለይ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ልጆቹም ውኃ የሚያምራቸው ያኔ ነው። ሣርና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳር የባሰ ነው። «የገጠር ልጅ ለምዶታል» የሚሉህን አትስማ፣ ቆዳ አይለምድም። መታጠቢያውን በርሜል ውስጥ ቀድተህ ሁለት ቀን አሳድረው፤ እጩ ይሞታል። ካልሆነ አፍላው።

ደግሞ የቢልሃርዚያውን መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴልን፣ በስንብቱ ቀን አድለው ፎቶ የሚነሡ አሉ! ፕራዚኳንቴል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፤ ሰሞኑን የገባውን አይነካውም። ውኃ የነካ ልጅ መዋጥ ያለበት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው፣ ማለትም ጥቅምት ላይ፣ ሁሉም ወደየቀበሌው ከተበተነ በኋላ። ስለዚህ የስም ዝርዝሩን ከመለያየታችሁ በፊት ለየጤና ኬላው አድርስ። መጠኑን በክብደቱ ወይም በቁመቱ እነሱ ይለኩታል።

ታንኳን በተመለከተ፦ የሚሠራበት ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ዝቅ ብሎም ይሄዳል። ክረምት ላይ ደግሞ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ከቀዛፊው ጋር አንድ ልጅ ብቻ፣ ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ። ዓባይ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፤ ወደዚያ አታስጠጋ።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ሙግት ውስጥ ሳትገባ ሽሮና ምስር ጫን። አስቀዳሾቹ እስከ ከሰዓት ስለማይቀምሱ የሩጫ ጨዋታውን ወደ ማታ አዙረው።

የካምፑን ፈቃድ ከአሁኑ ጀምር። ቢሮው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይልሃል፤ ስትመለስ ደብዳቤህ የለም። ግልምጫቸውን ችለህ በሁለት ቅጂ አስገባ፤ ቀሪው ላይ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳያሳርፍበት ከበሩ አትውጣ።