በሥራ መሀል ወደ ኮሌጅ መመለስ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ያለ ዲግሪ 14 ዓመት ኮድ ከጻፍኩ በኋላ በ38 ዓመቴ ኮሌጅ ገብቼ፣ ሥራዬን ሳልለቅ በማታ ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሻለሁ። አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

አሥር ዓመት ሠርቻለሁ። ዲግሪው ምን ይጨምርልኛል?

የምትፈልገው ወረቀቱን ነው ወይስ እውቀቱን? መጀመሪያ ይህን ለይ። ልትደርስበት ለምታስበው የሥራ መደብ የወጡ አሥር ማስታወቂያዎች ሰብስብና መስፈርቱን አንብብ። «ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ልምድ» የሚሉት ከበዙ ወረቀቱ ብዙም አይቸግርህም። ማስተማር፣ ምርምር ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካማረህ ግን ልምድህን የሚሰማህ የለም፤ ወረቀት አምጣ ነው የምትባለው።

ኮሌጅ የሚያስተምረው ያረጀ ነገር ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

ስለ መሣሪያዎቹ ከሆነ፣ አዎ። እኔ የተማርኩት የዌብ ኮርስ ሥራ ላይ ከተውነው ዓመታት ያለፉትን ነበር። መሠረቱ ግን ቶሎ አያረጅም። ዛሬም የምንሠራበት የሠንጠረዥ ዳታቤዝ ኤድጋር ኮድ የተባለው ተመራማሪ የ1970 ሐሳብ ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ የዳይክስትራ የአጭር መንገድ ስሌት የታተመው በ1959 ነው (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤት አንድ ሪፖርት እየተንቀራፈፈ መከራችንን ያበላን ነበር። መፍትሔያችን ሁሌም ሜሞሪ መጨመር ነው፤ ለትንሽ ጊዜ ይሻለውና ተመልሶ ያው። አንድ ማታ የዳታቤዝ መምህራችን ኢንዴክስ (ዳታቤዙ መዝገብ ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫ) እንዴት እንደሚደረደር ሰሌዳ ላይ ስትሥል ክው አልኩ። የእኛ ኢንዴክስ መጀመሪያ በቀን፣ ቀጥሎ በደንበኛ ቁጥር ነበር የተሠራው፤ ሪፖርቱ ደግሞ የሚፈልገው በደንበኛ ቁጥር ብቻ። በአባት ስም የተደረደረ መዝገብ ይዞ ሰውን በራሱ ስም እንደመፈለግ ማለት ነው፤ ገጹን ሁሉ ማገላበጥ ነው። በማግስቱ በደንበኛ ቁጥር የሚጀምር ሌላ ኢንዴክስ ጨመርኩ። ሻይ ቀድተን የምንጠብቀው ሪፖርት ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ መጣ። ለዓመታት የሰቀልነው ሜሞሪ ከንቱ ነበር።

ሒሳብ ሙልጭ ብሎ ጠፍቶብኛል።

የሁላችንም ጠፍቷል። ከመመዝገብህ ሦስት ወር አስቀድመህ አልጀብራና ሎጋሪዝም ከልስ። ደግሞ እንደ ድሮው ባዶ ቀመር አይሆንብህም። ከተደረደሩ 1,000,000 መዝገቦች አንዱን በየጊዜው ለሁለት እየከፈልክ ስትፈልግ ቢበዛ 20 ጊዜ ብቻ እንደምታይ ሲገባህ ሎጋሪዝም ምን እንደሚሠራ ያኔ ታየዋለህ።

ሁለት ልጆች አሉኝ፤ በአንድ ጊዜ ስንት ኮርስ ልያዝ?

አንድ። የተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት የጥናት ሰዓት ነው፤ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ወደ 9 ሰዓት ይበላሻል። እኔ በጀግንነት ሁለት ይዤ ጀመርኩ፤ በሰባተኛው ሳምንት አንዱን ጣልኩት፣ ክፍያውም ቀለጠ። ኦፕሬቲንግ ሲስተምን ደግሞ ሥራ በሚበዛብሽ ወቅት እንዳትነኪው። ፕሮጀክቶቹ እንቅልፍ አያውቁም።

ሰርተፍኬት አይበቃም?

ለተወሰነ ሥራ ይበቃል፣ ፈጣንም ነው። የሲስኮው የኔትወርክ ሰርተፍኬት ሲሲኤንኤም የአማዞን ክላውድ ሰርተፍኬቶችም ግን በየ3 ዓመቱ መታደስ አለባቸው።

በሌላ ሙያ ዲግሪ አለኝ። እንደገና ከዜሮ ልጀምር?

አይ፣ ማስተርሱን ተመልከት። ለምሳሌ ጆርጂያ ቴክ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በኦንላይን የሚሰጠው የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ 10 ኮርስ ነው፤ ብዙዎች ሥራ ላይ ሆነው በዝግታ ይወስዱታል። ኮድ ሳትችል ግን አትግባ።

መሥሪያ ቤቴ ልክፈልልህ ብሏል፤ ልቀበል?

ከመፈረምህ በፊት ውሉን አንብብ። ስንት ዓመት ያስርሃል? ብትለቅስ ምን ያህል ትመልሳለህ? ቢያባርሩህስ? ሦስተኛዋን ብዙ ሰው ይረሳታል።

45 ዓመቴ ነው፤ ከልጆች ጋር መቀመጥ አያሳፍርም?

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መምህር መስያቸው «ጋሼ፣ ፈተናው መቼ ነው?» ያለኝ ልጅ ነበር። በኋላ የቡድን ሥራ አብረን ያዝን። የሠራው ኮድ ሲጠፋበት እኔ ከጊት (የኮድ ለውጦችን ከሚያስቀምጠው መሣሪያ) አወጣሁለት፤ እሱ ደግሞ ለካልኩለስ ፋይናል እስከ እኩለ ሌሊት አስጠናኝ። እኔ ቢ አመጣሁ፣ እሱ ኤ።