«ሳልቬጅ» ማለት «የዳነ» ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «ሳልቬጅ በአማርኛ ምንድን ነው? ማዳን ነው፣ መታደግ ነው ወይስ ማትረፍ?» ብለህ ጠይቀሃል። ከላይ አምስት ሰው «ማዳን» ብሎ መልሶልሃል። ተዋቸው። ይህን ቃል ሰው እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ አይጠይቅም። መኪና ልትገዛ ነው፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ቃሉን አየኸው፣ ዋጋው ደግሞ ረክሶ ልብህን አሸፍቶታል። አይደል? እኔም እንዲሁ ነበርኩ።

1. ቃሉን በስልክህ መዝገበ ቃላት አትፍታው። እኔ ፈትቼው 9,200 ዶላር ወጥቶብኛል። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው፣ ለኡበር (በስልክ ለሚጠራ ታክሲ) ሥራ ብዬ ቶዮታ ካምሪ እየፈለግኩ። ሻጩ አብሮን ቡና የሚጠጣ ልጅ ነው። ታይትሉ ላይ «ሪቢልት ሳልቬጅ» ይላል፣ ሪቢልት እንደገና ተጠግኖ የተሠራ ማለት ነው። ምንድን ነው ስለው «ትንሽ ተነካክታ ነበር፣ ሳልቬጅ ማለት የዳነ ማለት ነው» አለኝ። ስልኬን አወጣሁ፣ «ማዳን» አለኝ። እሰይ! ሰው ከሞት ሲተርፍ ደስ እንደሚለን መኪናዋም ተርፋ ደስ አለችኝ።

አሁን ልዩነቱን ስማኝ። ማዳን ከበሽታ፣ ከሞት፣ ከኃጢአት ነው። መታደግ ነገሩ ሳይጠፋ በጊዜ መድረስ ነው። መዋጀትና መቤዠት ዋጋ ከፍሎ ማስለቀቅ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው፣ ለመኪና አይሆንም። ማትረፍ ደግሞ ከሚጠፋው ላይ የቻሉትን ያህል ማስቀረት ነው። ሳልቬጅ የባሕር ሥራ ስም ሆኖ ሲመጣ መታደግም ማትረፍም ያስኬዳል። መርከብ አደጋ ላይ ሲወድቅ መርከቡን ወይም ጭነቱን ያተረፈ ሰው ወሮታ ይከፈለዋል፤ ሥራውም ወሮታውም በዚያው ቃል ይጠራሉ። በ2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ ስዊዝ ካናል ላይ ተሰንቅራ ለስድስት ቀን መንገድ ስትዘጋ የተጠሩት ባለሙያዎች የዚህ ሥራ ሰዎች ናቸው።

መኪና ላይ ሲመጣ ግን ቃሉ ዞሯል። ኢንሹራንሱ «ይህን ከማሠራ ዋጋውን ብከፍል ይሻለኛል» ብሎ ለባለቤቱ ከፍሏል፤ የቀረው ብረት የኢንሹራንሱ ሆኖ በጨረታ ተሸጧል። ያ የቀረው ነው ሳልቬጅ። ስለዚህ አማርኛው «ቅሪት» ነው። ቅሪት! ሻጩ «ቅሪት ልሽጥልህ» ቢለኝ ኖሮ ቡናዬን ጠጥቼ እሄድ ነበር። ማትረፍ የሚለውን ቃል ከፈለግክ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። ያተረፈው ሻጩ ነው።

2. ስቴቱን እይ። ሜሪላንድ የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ 75 በመቶ ካለፈ ሳልቬጅ ይላል። ቴክሳስ ሙሉውን ዋጋ ካላለፈ አይልም። ያው አንድ ግጭት አንዱ ጋ ሳልቬጅ፣ ሌላው ጋ ንጹሕ ታይትል ነው። ወረቀቱን ከስቴት ስቴት እያዞሩ ቃሉን የሚያጥቡም አሉ። «ሪቢልት» ሲባልም አትዘናጋ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ) የሚያደርገው ምርመራ ስርቆትና ማጭበርበርን ለመያዝ ነው። መኪናዋ ለመንገድ ደህና ናት ብሎ አይመሰክርም። እኔ «መንግሥት አይቷታል» ብዬ ነበር የተኛሁት።

ከዚያ ምን ሆነ? ኡበር ሳልቬጅም ሪቢልትም አልቀበልም ብሎ መመሪያው ላይ ጽፏል። እኔ ያነበብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ለራሴ ልንዳት ብዬ ኢንሹራንስ ደወልኩ። ፉል ከቨሬጅ (የራሴን መኪና ጉዳት ጭምር የሚሸፍነው) የለም፣ ላይቢሊቲ (በሌላው ላይ ላደረስኩት ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ። ሦስት ቦታ ደውዬ ሦስቱም አንድ ዓይነት። ግራ ገብቶኝ አንድ ቢሮ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። ሁለት ሰዓት ተሰልፌ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ሴትዮዋ ወረቀቱን በአንድ ጣት ገፋ አድርጋ «ተጽፏል እኮ፤ ማንበብ አትችልም?» አለችኝ። አገሬ አስተማሪ ነበርኩ! አሥራ አንድ ዓመት ልጆችን ማንበብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ሰሙ። የ9,200ው ዶላር ተረሳኝ፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ አልተረሳችኝም።

ወዴት ነበርኩ? አዎ፣ 3። መኪናዋን ራሷን ጠይቃት። ቁልፉን ስትከፍት የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ነቅለውታል፣ ኤርባጉም የለም ማለት ሊሆን ይችላል። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳበው። ጫፉ አካባቢ የጭቃ መስመር ካለ ጎርፍ የገባባት ናት። የእኔዋ ነበረባት። ሽታውን በሽቶ ሸፍኖልኝ እኔ «እንዴት ንጹሕ ናት» እያልኩ ነበር። አሥራ ሰባት ፊደልና አሃዝ ያለውን የቪን ቁጥርም (የመኪናዋን መለያ) ሳትከፍል አስመርምር። የኢንሹራንሶቹ ማኅበር ቪንቼክ የሚባል ነጻ መፈለጊያ አለው። ሁለት ደቂቃ ነው። እኔ ሁለት ደቂቃ አጣሁ፣ ቡና ለመጠጣት ግን ሁለት ሰዓት ነበረኝ።

ካምሪዋን በመጨረሻ በ4,100 ዶላር ሸጥኳት። «ቅሪት ናት» ብዬ በአማርኛ ነግሬ፣ ታይትሉን አሳይቼ፣ የቀበቶውን ጭቃ አሳይቼ። ገዢው ለመለዋወጫ ፈልጓት ነበር፣ ተመርቃ ሄደች። ሻጩ ልጅ አሁንም እዚያው ካፌ አለ። ሰላም እንባባላለን፣ ቡናውን ግን እኔ አልከፍልም። በሠፈራችን መኪና የሚገዛ ሁሉ ዛሬ መጀመሪያ ለኔ ነው የሚደውለው። እስካሁን ያየኋቸው ሃያ ያህል ይሆናሉ፤ ሰባቱን አስጥያለሁ።

ስለዚህ ገንዘብህን ሳትሰጥ የቪን ቁጥሩን እዚሁ ስር ጻፍልኝ፣ ማታ ከሥራ ስገባ አየዋለሁ። ለትርጉም ሥራ ብቻ ከሆነ የጠየቅከው ደግሞ ይቅርታ፣ ለመርከቡ «ማትረፍ»፣ ለመኪናው «ቅሪት» ብለህ ጻፍ።