በግልቢያ ፎቶ ላይ ልብስ መግለጥ «ማንን ይጎዳል?» ለተባልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአራት ጓደኞችሽ ጋር ወደ መዝናኛ ፓርክ ልትሄዱ ነው። በውኃ ላይ ከከፍታ ቁልቁል የምትወረወረው ጀልባ ስትወርድ ካሜራ ፎቶ የሚያነሣበት ቦታ አለ፤ ጓደኞችሽ እዚያ ሲደርሱ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሊገልጡ ተማክረዋል። አንቺ ስታመነቺ ደግሞ «ፎቶውን የምናየው እኛ ብቻ፤ ማንን ይጎዳል?» ብለው ፈሪ አደረጉሽ። ፈሪ አይደለሽም። ጥርጣሬሽ ልክ ነው፤ ለምን እንደሆነ ካየሁት ተነሥቼ ልንገርሽ።

እኔ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ከሚያጣሩት ሠራተኞች አንዱ ነበርኩ። በአንድ ትልቅ ፓርክ ውስጥ፣ ከፎቶ መሸጫው ጀርባ ባለች መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ «እኛ ብቻ» የምትለውን ቃል እጅግ አውቃታለሁ። ውሸት ናት። ጓደኞችሽ ሆን ብለው ዋሹሽ ማለቴ አይደለም፤ ከካሜራው በኋላ ያለውን መንገድ ስለማያውቁት ነው።

መንገዱ ይህ ነው። በቦዩ ወይም በሐዲዱ ጠርዝ ላይ ሴንሰር ተተክሏል። ጀልባዋ በዚያ ስታልፍ ካሜራውና መብራቱ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ተሳፋሪዎቹ ገና ውኃውን ከፊታቸው ሳይጠርጉ ምስሉ ኮምፒውተር ላይ ደርሷል። ከዚያ በመውጫው በኩል በተደረደሩት ስክሪኖች ላይ ይወጣል፤ የወረደ ሁሉ፣ ገና ያልተሳፈረውም ጭምር፣ ቆሞ ያየዋል። በኮምፒውተሩና በስክሪኖቹ መካከል የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ጀልባዎቹ ተከታትለው ስለሚለቀቁ ለአንዱ ፎቶ የማገኘው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነበር። ይለፍ ወይስ ይሰረዝ። እንግዲህ የጓደኞችሽን ፎቶ ከእነርሱ ቀድሞ የሚያየው ስሙን የማያውቁት፣ እነርሱን የማያውቅ ሰው ነው።

ያ ሰው ታማኝ ላይሆን ይችላል። ይህን የምልሽ ለማስፈራራት አይደለም። ካሊፎርኒያ በሚገኘው ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 የተከፈተ «ስፕላሽ ማውንቴን» የሚባል የውኃ ግልቢያ ነበር፤ መጨረሻው ላይ 16 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ ካሜራውም እዚያው ነበር። ሴቶች በዚያች ቅጽበት ደረታቸውን መግለጥ ስላበዙ ግልቢያው «ፍላሽ ማውንቴን» የሚል የቅጽል ስም ወጣለት፤ «ፍላሽ» በእንግሊዝኛ ገላን ድንገት ገልጦ ማሳየት ማለትም ነውና። ፓርኩ ፎቶዎቹ ስክሪን ላይ እንዳይወጡ ሠራተኛ መድቦ ያስጣራ ነበር። ሆኖም በ1990ዎቹ መጨረሻ ከእነዚሁ ፎቶዎች አንዳንዶቹ ከውስጥ ሾልከው ወጥተው በኢንተርኔት ላይ ተለቀቁ። በውስጣቸው የነበሩት ሴቶችም «የምናየው እኛ ብቻ» ሳይሉ አልቀሩም። ግልቢያው ራሱ በ2023 በዚያ ፓርክ ተዘግቶ በሌላ ተተክቷል፤ ፎቶዎቹ ግን አልተዘጉም።

በእኔም የሥራ ቦታ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። አንድ የሥራ ባልደረባችን የተሰረዙትን ፎቶዎች በግል መያዣው ላይ ይገለብጥ እንደነበር የታወቀው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ከሥራ ተባረረ። ከዚያ በኋላ ምስሎቹ የት እንደደረሱ ግን ማንም አላረጋገጠም። እርሱ ሲቀዳ እኔ ከጎኑ እቀመጥ ነበር፤ አለማስተዋሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የቀጂው ነው፤ የገለጠችው ልጅ የእርሱን ሌብነት አትሸከምም። ነገር ግን ጓደኞችሽ የሚያምኑት ማንን እንደሆነ አውቀው ይወስኑ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ሰፍቷል። በብዙ ፓርኮች ፎቶው በወረቀት ታትሞ የሚሸጥ ብቻ ሳይሆን በስልክ መተግበሪያ ወይም በእጅ አምባር አማካይነት ለተሳፋሪው ይላካል። ስክሪኑ ፊት የቆመ እንግዳም ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን ያነሣዋል፤ ይህን በየቀኑ አይ ነበር። አጣሪው ሰርዞ ሊደርስበት የሚችለው ከዚያ በፊት ብቻ ነው። አጣሪም ሁልጊዜ አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2009 ዲዝኒላንድ ራሱ ፎቶ የሚያጣሩትን ሠራተኞች ወደ ሌላ ሥራ እንዳዛወረ ተዘግቦ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ይበልጥ የሚያመኝ ሌላ ነው፤ በዚያችው ጀልባ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሰዎች። ጀልባው የእናንተ ብቻ አይሆንም። ስምንት መቀመጫ ካለ እናንተ አምስት ናችሁ፤ በቀሩት ሦስቱ ማን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሰልፉ ነው። አንድ ቀን ከፊት የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ልብሳቸውን ገለጡ፤ ሰረዝኩት። ከኋላቸው አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር ነበሩ። ልጁ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ በፎቶው ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ከደስታው የተነሣ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። አያቱ ደግሞ ትከሻውን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ ካየኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ያምር ነበር ብል አላጋነንኩም። ሴትዮዋ ወደ መሸጫው መጥተው ስክሪኖቹን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። «የእኛ አልወጣም?» ብለው ጠየቁ። የመሸጫዋ ልጅ ምክንያቱን በሕፃኑ ፊት መናገር ስላልቻለች «ካሜራው ተበላሽቶ ነው» አለቻቸው፤ እንደገና ያለ ሰልፍ እንዲሳፈሩም ፈቀደችላቸው። ሴትዮዋ ግን ልባቸው እንደማይችል፣ የመጀመሪያውንም የተሳፈሩት ልጁ ለምኗቸው እንደሆነ ተናግረው እጁን ይዘው ሄዱ። ከክፍሌ በር ላይ ሆኜ እያየኋቸው ነበር። «ማንን ይጎዳል?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ፎቶውን ቆርጦ የእነርሱን ብቻ ማስቀረት አይቻልም ነበር ወይ ትይኝ ይሆናል። ጊዜ ቢኖር ይቻላል። በጥቂት ሴኮንድ ግን አይሆንም፤ ሥርዓቱም የሚያውቀው ማሳለፍን ወይም መሰረዝን ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ግን ለይቼ ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው ስለሚያቀላቅለው። ሆን ብሎ መግለጥ ሌላ ነው፤ ነፋስና ውኃ የሚያደርጉት ሌላ። ቁልቁለቱ ላይ ቀሚስ ይገለባል፣ የራስ መሸፈኛ ይወልቃል፣ የረጠበ ስስ ልብስ ገላን ያሳያል። ጸጉሯን ለባዕድ የማታሳይ ሴት ሻሿ በረሮባት የተነሣ ፎቶ ሲመጣ እኔ ሳልጠየቅ እሰርዘው ነበር፤ በሕጋችን ላይ አልተጻፈም፣ ለእርሷ ግን ከእርቃን አያንስም። እንዲህ ዓይነት ነገር የደረሰበት ሰው በፍጹም ሊያፍርም ሊወቀስም አይገባም። ፓርኩም ጨዋነትን ከእንግዳው ብቻ ጠይቆ የእንግዳውን ክብር መጠበቅ ሊረሳ አይችልም። በሥራ ዘመኔ ከአለቆቼ ጋር የተከራከርኩት በዚህ ብቻ ነበር፤ መሃል ጣት ያሳየውን ለመሰረዝ ሁሉም ይፈጥናል፣ ሻሿ የወደቀባትን ለመሸፈን ግን ማንም መመሪያ አልነበረውም።

ስለ ጣት ካነሣሁ አይቀር፣ እርሱም ይሰረዛል። በአንድ አገር ሰላምታ የሆነ የእጅ ምልክት በሌላ አገር ስድብ ስለሆነ አጣሪው በጥርጣሬም ይሰርዛል፤ ለምሳሌ ሁለት ጣት አንሥቶ የእጅን ጀርባ ወደ ሰው ማዞር በብሪታንያ ስድብ ነው።

ስለ ቅጣቱ ባጭሩ። ትኬቱን ስትገዙ የፓርኩን ደንብ ተቀብላችኋል፤ ብዙዎቹ ደንቦች ደግሞ ነውር የሠራን እንግዳ ገንዘቡን ሳይመልሱ የማስወጣት መብት ለፓርኩ ይሰጣሉ። በብዙ አገሮች በአደባባይ መራቆት በሕግም ያስጠይቃል። ከአምስታችሁ ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ካለች ነገሩ እጅግ ይከብዳል፤ እንዲህ ያለውን የልጅ ምስል መያዝና ማሰራጨት በአብዛኛው ዓለም ወንጀል ነውና። ደግሞም ልብስ ለመግለጥ ሁለቱም እጅ መያዣውን ይለቃል፣ ወገብም ከመቀመጫው ይነሣል፤ ጀልባዋ በምትወረወርበት በዚያችው ቅጽበት።

ለጓደኞችሽ ነውርን አትስበኪያቸው፤ በቡድን ፊት የተገሠጸ ሰው እልህ ይይዘዋል። ከመካከላቸው ይበልጥ የምታዳምጥሽን አንዷን ለብቻዋ ጥሪና ከላይ ያልኩሽን ስለ አጣሪው ክፍልና ስለ አሮጊቷ ንገሪያት። ፎቶው እንዲያስቃችሁ ከፈለጋችሁ አምስታችሁም አንድ ዓይነት ፊት አሳዩ፤ እንቅልፍ የወሰዳችሁ ምሰሉ፣ ወይም ሁላችሁም ወደ አንድ አቅጣጫ ጠቁሙ። እኛ ክፍላችን ውስጥ እየተጠራራን የምናያቸው ፎቶዎች እነዚህ ነበሩ።

በነፋሱ ምክንያት የማትፈልጊው ነገር በፎቶው ላይ ከወጣ ደግሞ ከጀልባዋ እንደወረድሽ ቀጥ ብለሽ ወደ መሸጫው ሂጂ። የተቀመጥሽበትን ረድፍና የወረድሽበትን ሰዓት ንገሪያቸው፤ ከስክሪኑም ከማስቀመጫቸውም እንዲያጠፉት፣ ሲያጠፉትም በዓይንሽ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ሠራተኛዋ ካመነታች ኃላፊዋን አስጠሪ። እኛ ዘንድ እንዲህ ብላ የመጣችን እንግዳ እምቢ ያለ ሰው አላስታውስም።