ጥያቄና መልስ፦ የ10,000 ብር መቀጮ፣ የዕዳ ደብተርና የአከራዩ ማኪያቶ

ባለፉት ሳምንታት የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ተደራርበው መጡ፤ ሰውን አታለውና አስገድደው ለዝሙት አዳሪነት የሚያሰማሩ ሰዎች ምን ያህል ይቀጣሉ፣ ቅጣቱስ ይበቃል ወይ? አብዛኞቹ በቴሌግራም ነው የተላኩት። አንዱ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ አንዱን ደግሞ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ቡና ስጠጣ ወንበር ስቦ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ነው የጠየቀኝ። ስማቸውን ትቼ እመልሳለሁ።

«አቦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጃገረድ አታሎ ለሽርሙጥና ያቀረበ ሰው እስከ 10,000 ብር ይቀጣል የሚል አነበብኩ። ባለፈው ዓመት የባጃጄ ሞተር ሲወርድ እኔ ከዚያ በላይ ከፍያለሁ። ይሄ ቅጣት ነው? መጨመር የለበትም?» — የባጃጅ ሾፌር፣ ሳቢያን

ወንድሜ፣ ያነበብከው ቁጥር በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለው የወንጀል ሕግ፣ ከአንቀጽ 635 የተወሰደ ነው። ለጥቅም ብሎ ሴቶችን ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን አባብሎ ለዝሙት አዳሪነት ያቀረበ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 ብር የማይበልጥ መቀጮ ይላል። ሥራዬ ብሎ የያዘው ሲሆን ቀጣዩ አንቀጽ መቀጮውን እስከ 20,000 ያደርሰዋል። ያኔ አንድ ዶላር ዘጠኝ ብር አይሞላም ነበር፤ 10,000 ብር ማለት ከ1,100 ዶላር በላይ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው 10,000 ብር መቶ ዶላር አይሞላም። ሕግ አውጪው ፊደል ሳይነካ ገበያው ቅጣቱን ቀነሰው።

ዛሬ ግን ዐቃቤ ሕግ ለእንዲህ ያለው ወንጀል የሚያነሣው በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1178/2012ን ነው። ተጎጂዋ ሴት ወይም ሕፃን ስትሆን ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ30,000 እስከ 100,000 ብር መቀጮ አለው። ከ10,000ው ይሻላል ትለኝ ይሆናል። አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገርህ፤ ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ፣ የ2007ቱ 909፣ መቀጮው ዝቅ ሲል 150,000 ብር ነበር፤ ለሴቶችና ለሕፃናት ደግሞ ከ200,000 ተነሥቶ እስከ 500,000 ይደርስ ነበር። እስራቱም ከባድ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ የብር ዋጋ ሲወርድ መቀጮውም አብሮ ወረደ። እስራቱ መለዘቡ ሊያከራክር ይችላል፤ ዳኛ እጅግ ከባድ መነሻ ያለው ሕግ ሲሰጠው ጥፋተኛ ከማለት ሊያመነታ ይችላልና። የመቀጮው መውረድ ግን ለእኔ ምክንያት የለውም።

ስለዚህ አዎ፣ መጨመር አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ግን ቁጥር መጨመር ብቻውን ደግሞ የሚፈስ ጣሳ ላይ ውሃ መጨመር ነው፤ ዛሬ 500,000 ብንል ከአሥር ዓመት በኋላ ያንተው ልጅ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። መቀጮው ወንጀለኛው ከሰዎቹ ገላ ካገኘው ገንዘብ ጋር ታስሮ፣ የዚያ እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ቢባል ጊዜ አይበላውም። የወንጀል ሕጉ እንኳ መንገዱን አልዘጋም፤ ወንጀሉ ለጥቅም ሲባል የተፈጸመ ሲሆን ፍርድ ቤት ከእስራቱ በተጨማሪ መቀጮ እንዲጥል ያዛል፤ ሲጥልም የተከሳሹን ሀብትና ገቢ እንዲያይ ይነግረዋል። ችግሩ ችሎት ሲቀርቡ ሁሉም ድሃ መሆናቸው ነው። ቤቱ በእህት፣ ባጃጁ በአጎት ልጅ ስም ነው።

«ግሮሰሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከገጠር ስመጣ አስተናጋጅ ነሽ ብለውኝ ነበር። አሁን ማታ ማታ ከማላውቀው ሰው ጋር ያሳድሩኛል። ባለቤቷ ዕዳሽን ሳትጨርሺ አትወጪም ትላለች፤ መታወቂያዬም እሷ ጋ ነው። የደብተሩን ፎቶ ልኬልሃለሁ። ብወጣ ትከሰኛለች?»

እህቴ፣ ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። የተማሪ ደብተር ነው፤ ከስሩ የሚታየው ሽፋኑ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ አለበት። በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ ደላላ 1,500፤ ትራንስፖርት 700፤ ጫማ 900፤ ቀሚስ 1,200፤ ሁለት ብርጭቆ 160፤ የታመመችበት ቀን 300። ድምሩ 5,760 ይላል። እኔ ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ 4,760 ነው። በሌላኛው ገጽ፣ አንቺ ማታ ማታ ያስገባሽላት ገንዘብ መጻፍ በሚገባው ቦታ፣ ምንም የለም።

መክሰስ ማንም ይችላል፤ ይህን ይዞ ግን የሚረታ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከሕግና ከመልካም ጠባይ ተቃራኒ በሆነ ጉዳይ ላይ የተደረገ ውል አይጸናም ይላል (ቁጥር 1716)። አንቺን በዝሙት አዳሪነት አሠርቶ ለማቆየት የተጻፈ ዕዳ ዕዳ አይደለም። የደላላውንም ክፍያ አንቺ አልተዋዋልሽም። «ሴተኛ አዳሪ ነሽ ብለው ያስሩኛል» ብለሽም አትፍሪ፤ በአገራችን ዝሙት አዳሪነት ራሱ በወንጀል አያስቀጣም፤ ሌላውን በዚያ ማሰማራትና በሌላው ገላ መክበር ነው የሚያስቀጣው። በሰው የመነገድ ሰለባ የሆነች ሴትም በዚያ ምክንያት ተገድዳ በሠራችው አትከሰስም።

እንግዲህ አወጣጡ። አትጨቃጨቂያት፤ ደብተሩን ልውሰድ ብለሽም አትታገዪ፤ ፎቶው ይበቃል። ፎቶውን ለምታምኚያት አንዲት ሰው ላኪና ከስልክሽ አጥፊው። መቼ እንደመጣሽ፣ ማን እንዳመጣሽ፣ መናኸሪያ ማን እንደተቀበለሽ አስታውሰሽ ያዢ፤ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው። መታወቂያሽን ለማስመለስ ብለሽ አንድም ቀን አትቆዪ፤ መታወቂያ ይተካል። ከወጣሽ ገላሽን ሳትታጠቢ፣ ልብስሽንም ሳትቀይሪ ሆስፒታል ሂጂ፤ የሕክምና ማስረጃ ቀን ባለፈ ቁጥር ይደክማል። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ብለሽ ጠይቂ። የሚያግዝሽ ጠበቃ ከፈለግሽ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ኮሌጅ ነጻ የሕግ አገልግሎት አለው፤ ሳንቲም አይጠይቅሽም።

ያ ደብተር ለዐቃቤ ሕግ እንደ ወርቅ ነው። መቀጮው ከተገኘው ጥቅም ጋር ይታሰር ያልኩት ለዚህ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሒሳብ ይይዛሉ።

«ቤቴን ለአንዲት ሴት ለሻይ ቤት አከራየሁ። አሁን ጎረቤት ጓሮ ልጆች እንደምታሳድር ነገረኝ። እኔ ኪራዬን ነው የምቀበል፤ ምን አገባኝ?» — ከዚራ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው

ጋሼ፣ ያገባዎታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 634 በሌላው ዝሙት አዳሪነት የሚተዳደረውን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለ ቤት በአከራይነት የሚይዘውንም ይጠራል፤ በቀላል እስራትና በመቀጮ። ውስጥ ያሉት ተገድደው ወይም ተታልለው የመጡ ከሆነ ደግሞ፣ እያወቁ ቤት መስጠት በአዋጅ 1178 በተባባሪነት ያስጠይቃል። ወሳኙ ቀን እርስዎ ያወቁበት ቀን ነው። ጎረቤቱ ከነገረዎት ቀን በፊት ያለው ሌላ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተቀበሉት እያንዳንዱ ኪራይ ሌላ ነው። ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ተከራይዋን ብቻ «ልቀቂ» ካሉማ ልጆቹን ሰብስባ ማታ ወደ ሌላ ሰፈር ትሄዳለች፤ ልጆቹም አብረው ይጠፋሉ።

አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፦ ካወቁ በኋላ ኪራይ ጨምረዋል? ማኪያቶአቸውን ለረጅም ጊዜ አማሰሉት። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቶ ነበር።

«ራሷ ፈቅዳ ነው የመጣች፤ እኔ አልጎተትኳት። 17 ዓመቷ ነው፤ ልጅ አይደለችም። ፈቃደኛ ሠራተኛ ማን ይከለክለኛል?» — የምግብ ቤት ባለቤት

ሕጉ ይከለክልዎታል። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ፈቃድ በዚህ ጉዳይ አይቆጠርም፤ ማስገደድ ወይም ማታለል መኖሩን ማስረዳትም አያስፈልግም። ለአካለ መጠን ደርሳ ቢሆን እንኳ ተታልላ ወይም ችግሯን መጠቀሚያ አድርገው ከሆነ ፈቃዷ አያድንዎትም። ዕድሜዋን በገዛ እጅዎ ጽፈው ለእኔ መላክዎ ደግሞ፣ እመቤቴ፣ ጥሩ ጠበቃ እንደሌለዎት ያሳያል።

«ደንበኛውስ? ከፍሎ የሚተኛውን ማን ይቀጣዋል?»

ልጅቷ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ውስጥ ከሆነች ከእሷ ጋር የተኛ ሰው ራሱን ችሎ ይከሰሳል፤ ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው (አንቀጽ 626)። ከ13 በታች ከሆነች ከ13 እስከ 25 ዓመት። «ከፍያለሁ» ማለት መከላከያ አይሆንም። ዕድሜዋን አልጠየቅኩም የሚለውንም ችሎት ብዙ ሰምቶታል።

«ልጄን ለሥራ ብላ ወስዳ ለወንድ ያቀረበቻት ሴት ተፈርዶባታል። ታስራለች፤ 40,000 ብርም ተቀጥታለች። ብሩን መንግሥት ወሰደው። ልጄ ግን እቤት ናት፤ ሌሊት አትተኛም፤ መድኃኒቷንም እኔ ነኝ ጉሊት ሸጬ የምገዛው። ይሄ ፍርድ ነው ልጄ?» — እናት፣ በእጅ የተጻፈ

እናቴ፣ የደብዳቤዎን ጀርባ ሳየው የሽንኩርት ሒሳብ አለበት፤ ጉሊት ላይ ቁጭ ብለው ነው የጻፉት።

መቀጮ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ነው የሚገባው፤ የተለመደው እሱ ነው። ስለዚህ «መቀጮ ይጨመር» የሚለውን ጩኸት ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ለማን ተብሎ ነው። የወንጀል ሕጉ ራሱ ግን ብዙ የማይሠራበት በር አለው፤ ወንጀለኛው ካሣ ሊከፍል አይችልም ተብሎ ሲያሠጋ፣ ፍርድ ቤቱ ከመቀጮው ከፊሉን ወይም ከተወረሰው ንብረት ሽያጭ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። ሳይጠየቅ የሚያዝ ዳኛ ግን ጥቂት ነው፤ ጠያቂ ያስፈልጋል። እርስዎ ጋ ጠያቂ አልነበረም። ሌላም መንገድ ነበር፤ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ተበዳይ የወንጀሉ ክርክር ሲጀመር እዚያው የካሣ ጥያቄውን እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ችሎት ግቢ ውስጥ ይህን የሚነግር ሰው ቢኖር የብዙ እናቶች ጉሊት ቀለል ባለ ነበር።

አሁንም አልመሸም። ሴትየዋ ጥፋተኛ ተብላለችና ለልጅዎ የፍትሐ ብሔር ካሣ ክስ ማቅረብ ይቻላል፤ ለሕክምናው፣ ለቀረባት ሥራ፣ ለደረሰባት ጉዳት። የካሣ ክስ በመደበኛው በሁለት ዓመት ይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ፣ ይታገዳል፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ ሲረዝም ግን የሚቆጠረው ረጅሙ ነው፤ ስለዚህ «ጊዜው አልፏል» የሚልዎት ሰው ካለ አይስሙት። ከመዝገብ ቤት ማኅተም ያለበት የፍርዱ ግልባጭ ይጠይቁ፤ በስምዎ ማመልከቻ ያስጽፉ። የመድኃኒቱን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፌስታል ያድርጉት፤ የጠፋብዎ ካለ የገዙበት ፋርማሲ ድጋሚ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። የዳኝነት ክፍያውን አልችልም ካሉ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አውጥተው በነጻ ይከሰሳል።

ማክሰኞ ጠዋት እጠብቅዎታለሁ። ግልባጩንና ፌስታሉን ይዘው ይምጡ፤ ልጅዎ ካልፈለገች አብራ አትምጣ።