ሆኪ ክለብ ከትልቅ ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ ሲዛወር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የምኖረው ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ጄትስ የተባለው የከተማችን የበረዶ ላይ ሆኪ ክለብ ከአሜሪካዋ አትላንታ የመጣ መሆኑን ሲነግሩኝ ገረመኝ። አትላንታ ከነአካባቢዋ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ እኛ አንድ ሚሊዮን እንኳ አንሞላም። ምን ፈልጎ መጣ?

መልስ፦ ክለቡ በመጣበት በ2011 ዊኒፔግ ከነአካባቢዋ 730 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። ጉዳዩን የወሰነው ግን አሬናው (ጨዋታው የሚካሄድበት አዳራሽ) የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ክለቡ አትላንታ ሳለ ስሙ ትራሸርስ ነበር፤ በ1999 ጀምሮ እስኪሄድ ድረስ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) የገባው አንድ ጊዜ፣ በ2007፣ ነው፤ ያኔም በኒውዮርክ ሬንጀርስ አራቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ። ባለቤቶቹ እርስ በርስ ተካስሰው ለዓመታት በፍርድ ቤት ቆዩ። ከሆኪው ሌላ የቅርጫት ኳስ ክለቡ ሆክስና አሬናው በእጃቸው ነበሩ፤ ሊለቁ የፈለጉት ሆኪውን ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ሆኪውን የሚገዛ ሰው በሌላ ሰው አሬና ተከራይ ይሆናል። ተከራይ ደግሞ ከምግብና መጠጥ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከባለሀብቶች ልዩ ክፍልና ከኮንሰርት የሚገኘው ገንዘብ ወይ አይደርሰውም፣ ወይ ቅንጣቢው ነው የሚደርሰው። ክለቡን እዚያው የሚያቆይ ገዢ የጠፋው ስለዚህ ነው።

ዊኒፔግ ላይ ነገሩ ተቃራኒው ነበር። ትሩ ኖርዝ የተባለው ኩባንያ በ2004 የተከፈተውን አሬና ራሱ ሠርቶ በባለቤትነት ይዞታል። ለሆኪ 15,004 መቀመጫ ብቻ ነበረው፤ በወቅቱ በናሽናል ሆኪ ሊግ (ክለቡ በሚጫወትበት የአሜሪካና የካናዳ ሊግ) ከነበሩት ሁሉ ትንሹ ነው። ግን እያንዳንዱ የሚሸጥ ቡና ገቢው ለክለቡ ባለቤት ነው። ክለቡ ከመምጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ አራት የበረዶ ሜዳ ያለው የልምምድ ማዕከል ተከፍቶ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የምንዛሪ ነገር ነው። የተጫዋች ደመወዝ በአሜሪካ ዶላር ይከፈላል፤ ትኬቱ የሚሸጠው በካናዳ ዶላር ነው። ቀድሞ በዊኒፔግ የነበረው፣ ያው ስም ያለው ሌላ ክለብ፣ የመጀመሪያው ጄትስ፣ በ1996 ወደ አሜሪካዋ ፊኒክስ ሲሄድ የካናዳ ዶላር 73 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር፤ የደመወዝ ጣሪያም (አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በዓመት ሊከፍል የሚችለው ከፍተኛ ድምር) አልነበረም። ጣሪያው በ2005 መጣ፤ በ2011 ደግሞ ሁለቱ ዶላሮች እኩል ሆነው ነበር። የ2011-12 ጣሪያ 64.3 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው፤ በ1996 ምንዛሪ ቢሆን ወደ 88 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይጠጋ ነበር። ያ 24 ሚሊዮን ልዩነት ለእንዲህ ያለ ከተማ የመኖርና የመሞት ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ዝውውሩ በተግባር የሚካሄደው በምን ቅደም ተከተል ነው? የሚበላሸውስ የቱ ላይ ነው? (ከካልጋሪ)

መልስ፦ የዊኒፔግን እንከተል። የሽያጩ ስምምነት የተገለጸው ሜይ 31 ቀን 2011 ነው። ዋጋው እንደተዘገበው 170 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 60 ሚሊዮኑ የማዛወሪያ ክፍያ ሆኖ ለሊጉ ገብቷል። የሊጉ ቦርድ ከማጽደቁ በፊት ገዢው 13,000 የሙሉ የውድድር ዓመት ትኬት ለመሸጥ ተነሳ። ቅድሚያው እዚያው አሬና ይጫወት ለነበረው የሁለተኛ ደረጃ ክለብ፣ ለማኒቶባ ሙስ፣ ደንበኞች ተሰጠ፤ ጁን 4 ለሕዝብ ሲከፈት የቀረው በ17 ደቂቃ አለቀ። ትኬት ገዢዎቹ እንደ መቀመጫው ደረጃ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚያስገድድ ውል ፈረሙ። ይህ ውል ዋናው ነገር ነው ብለን እናምናለን፤ የመጀመሪያ ዓመት ጉጉት የትም ከተማ አለ፣ የሚፈተነው ክለቡ ሲሸነፍ በሦስተኛው ዓመት ነው። ቦርዱ ጁን 21 አጸደቀ፤ ሙስ ወደ ሴንት ጆንስ ሄደ፤ ኦክቶበር 9 ጄትስ በሜዳው በሞንትሪያል 5 ለ 1 ተሸንፎ ዓመቱን ጀመረ።

ሳይስተካከል የቀረው ክለቡ የሚጫወትበት ምድብ ነው። ጊዜ ስላልነበረ ክለቡ የአትላንታን ቦታ ይዞ ለሁለት የውድድር ዓመት ከፍሎሪዳ፣ ከታምፓ ቤይ፣ ከካሮላይናና ከዋሽንግተን ጋር በደቡብ ምሥራቅ ምድብ ተጫወተ። ከመሀል ካናዳ እዚያ ድረስ መመላለስ ተጫዋች ያደክማል፣ የበረራ ወጪም ያንራል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አሬና ሳያልቅ መዛወር ነው። የሃርትፎርድ ዌለርስ በ1997 ወደ ሰሜን ካሮላይና ሲሄድ በራሊ ከተማ የታሰበለት አሬና ገና እየተሠራ ስለነበር ሁለት ዓመት በሌላ ከተማ፣ በግሪንስቦሮ፣ ተጫወተ። የግሪንስቦሮ ሰው ነገ ለሚሄድ ክለብ ልቡን አልሰጠም፤ የራሊ ሰው ደግሞ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ መምጣቱ ከበደው። መቀመጫው ባዶ ሆነ።

ለቅርጫት ኳስ የተሠራ አዳራሽም ያታልላል። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 28.7 ሜትር ሲሆን የበረዶው ሜዳ 61 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከጎሎቹ ጀርባ ከላይ የተቀመጠ ሰው በቅርቡ ያለው ጎል አይታየውም። በ2024 የአሪዞናው ቡድን ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ሲሄድ ከ16 ሺህ በላይ መቀመጫ ባለው አዳራሽ ያለ ከለላ የሚያሳየው 11 ሺህ ገደማው ብቻ ነበር። አዳራሽ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ጎሉ የሚታይባቸው መቀመጫዎች ስንት ናቸው ተብሎ ነው።

ጥያቄ፦ ጄትስ ዳግመኛ ከዊኒፔግ ይሄዳል ብለን እንስጋ? እኛ ተራ ደጋፊዎችስ ምን ማድረግ እንችላለን? (ከዊኒፔግ)

መልስ፦ ስጋቱ መሠረት አለው። 13,000 የነበረው የውድድር ዓመት ትኬት በ2023 ወደ 9,500 ገደማ ወርዷል፤ ከባለቤቶቹ አንዱ ማርክ ቺፕማንም በ2024 መጀመሪያ በዚህ ቁጥር ለረጅም ጊዜ መዝለቅ እንደማይቻል በግልጽ ተናግሯል። የመጀመሪያዎቹ ውሎች አልቀዋል፣ የኮቪድ ወረርሽኝ ብዙዎችን አርቋል። በዚያ ላይ ትኬቱን የሚገዙት በአብዛኛው ግለሰቦች ናቸው፤ ኑሮ ሲከብድ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚተወው ጨዋታን ነው። ምንዛሪውም ተመልሶ ወርዷል፤ በ2025 መጀመሪያ 70 ሳንቲም ገደማ ነበር፣ የ2024-25 ጣሪያ ደግሞ 88 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር። ከ1996 የሚለየው አሬናው የክለቡ ባለቤት ንብረት መሆኑ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለእርስዎ የሚበጀው መንገድ ሁለት መቀመጫ ለአራት ቤተሰብ መካፈል ነው። 82 ጨዋታ ባለበት የውድድር ዓመት 41ዱ በሜዳ ስለሚደረጉ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አሥር ይደርሳል፣ አንዱ በዕጣ ይሆናል። ትኬቱ በአንድ ሰው ስም ስለሚሆንና ክፍያው ቢጓደል ተጠያቂው እሱ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ድርሻቸውን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ይክፈሉት። መርሐ ግብሩ እንደወጣ ተራ በተራ ምረጡ፤ የመጀመሪያው ዙር ከአንደኛ ወደ አራተኛ፣ ቀጣዩ ከአራተኛ ወደ አንደኛ ይሂድ። እንዲህ ካልሆነ ሁሉም የሚፈልጋቸው የቶሮንቶና የሞንትሪያል ጨዋታዎች ለአንድ ቤት ይወድቁና ማኅበሩ በዓመቱ ይፈርሳል።